እስኪነጋ

የባሏ እህት ዘነበች እንኳን ሽርሽር ልትጋብዛት፣ ሰላም የምትላትም በግድ ነበር። ዛሬ ግን አመሻሽ ላይ መጥታ፣ «ከተማው እስኪነጋ ሥዕልና ትርኢት ነው አሉ፤ ተነሺ እንሂድ!» ብላ እጇን ይዛ አወጣቻት።

«ባሌ መኪናውን ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ይቺ ሴት ቤቱን አስጥላኝ ዕቃዬን ልታስጭን ነው» ስትል ጠረጠረች።

ዘነበች «ፎቶ ላንሳሽ» ብላ የተቀበለቻትን ስልክ አልመለሰችም። የሕንፃ ግድግዳ ላይ በብርሃን የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል ትታ እሷን እሷን ታያለች። አደባባዩ ላይ ሰው ሁሉ በአሻንጉሊት ትርኢት ሲስቅ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ምነው?»

«መብራቱ ነው። ነይ፣ ደግሞ ያንን እንይ።»

«ቤቴ ልግባ» ባለች ቁጥር ሌላ ሥዕል፣ ሌላ ጎዳና።

ጎህ ሲቀድ ሰፈር ደረሱ። አልጋዋ፣ ሶፋዋ፣ ቡፌዋ ሳይቀር ደጅ ተከምሯል።

«ጠርጥሬ ነበር! ዕቃዬን!» ብላ ሮጠች።

ከዕቃው ጀርባ ጎረቤቶቿ የእድሩን ድንኳን እየተከሉ ነበር። ሲያዩዋት እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ።

ሌሊቱን ጥርሷን ነክሳ ያደረችው ዘነበች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች።