የጋሼ ፍርፋሪ ጠረጴዛ

የካርታ ክፍል ኃላፊዋ እግሯ ከተሰበረ ስድስት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተሯን ቤቷ ቁጭ ብላ ነው የምትከፍተው። «ካርታ ሦስት» ብላ ስሙን ስትጽፍ የቢሮው ስክሪን ፊቷ ድቅን ይላል። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ጀምሮ ግን «በዚህ ስም የሚጠራ ኮምፒውተር አልተገኘም» ይላታል።

ማክሰኞ ትዕግሥቷ አለቀና በክራንች እያነከሰች ቢሮ መጣች። የኮምፒውተር ባለሙያውን አስጠራች።

«ማን እንዳበላሸው አውቃለሁ፤ ያ ቆሻሻ ሰውዬ ነው» አለችው።

ሰውዬው ጋሼ ፍርፋሪ ይባላል። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ጠረጴዛው፣ ኧረ ምኑ ይወራል! ኪቦርዱ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ብርጭቆው ውስጥ የሻገተ ሻይ፣ መሳቢያው ውስጥ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፤ በረሮ በቀን ብርሃን ይንሸራሸርበታል። ያንገሸግሻል። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፋበታለች። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ዛሬ ጠዋት መመለሱ ነው፤ ስሙ የተጻፈበትን የሆስፒታሉን የእጅ ፕላስቲክ እንኳ አልፈታውም።

ባለሙያው ንጹሕ ሰው ነው። ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ሳኒታይዘር ከኪሱ የማይለይ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ኃላፊዋን ተከትሎ ጋሼ ፍርፋሪ ወደተቀመጠበት መዝገብ ቤት ገባ።

በያዘው ላፕቶፕ «ካርታ ሦስት»ን በስሙ ሞከረ፤ እምቢ አለ። በቁጥሩ ሞከረ፤ ወዲያው ተከፈተ።

«ማሽኑ ደህና ነው። ማሽን የሚተዋወቀው በቁጥር ነው፤ ስም ለእኛ ነው። ልክ ስልክዎ ላይ ስም ተጭነው እንደሚደውሉት። ስሙን ከቁጥሩ የሚያገናኝ መዝገብ አለ፤ እዚያ ላይ የእርስዎ መስመር ተሰርዟል።»

«መዝገቡ በደንብ አይያዝም እንዴ?»

«በእኔ ይተማመኑ! እኔ ዝርክርክ ነገር አልወድም። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ፊቱ ተቀምጦ ያልከፈተውን ማሽን ስም ዓርብ ዓርብ ጠርጎ የሚያወጣ ትእዛዝ እንኳ ሠርቼለታለሁ። ከዓመት በላይ ሆነው። መዝገቤ እንደ መስታወት ነው። የገባበት ሰው ካለ ግን...»

ጋሼ ፍርፋሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲጠርግም ያስጠላል።

«ልጄ፣ አትናደጂ። አሁን መግባቴ ነው። አንድ ደቂቃ ስጪኝና አስተካክለዋለሁ።»

«ሰማህልኝ?» አለች ኃላፊዋ። «ያላበላሸው ሰው በምን አውቆ ያስተካክለዋል?»

ባለሙያው በሁለት ጣቱ የሽማግሌውን ኪቦርድ አነሳ። ከሥሩ ቅባት የጠጣ ወረቀት ተለጥፏል። ላዩ ላይ የመዝገቡ የይለፍ ቃል ተጽፏል።

«ይኸውልዎ!»

«ከአንተ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው የሰጠኝ» አለ ጋሼ ፍርፋሪ። «ሰኞ ሰኞ እኮ...»

«ዝም ይበሉ!» ጮኸችበት። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይሉ የለ! ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ ብለው ቂም ቋጥረው ነው። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበሉበትን ቤት! የበላበትን ወጭት ሰባሪ!»

የስንብት ደብዳቤው እዚያው ተተየበ። ጡረታውም አፈር በላ። ሽማግሌው ብርጭቆውን ከነሻጋታው በፌስታል ጠቅልሎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። ማንም ደህና ሁን አላለውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ወዲያው በረኪና ይዛ ገባች።

«ለደብዳቤው ጥፋቱን የፈጸመበት ቀን ያስፈልገኛል» አለች ኃላፊዋ፣ እስክሪብቶ እየፈለገች። «ማን መቼ እንደነካው መዝገቡ ይጽፋል?»

«ሁሉንም ይጽፋል።»

ባለሙያው ገጹን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አነበበ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ሳኒታይዘሩን አውጥቶ እጁን አሸት አሸት አደረገ።

«እሱ ነው» አለ፤ ገጹንም ዘጋው።

ገጹ ላይ የነበሩት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው፦ ለስድስት ወር ዓርብ ዓርብ «ካርታ ሦስት»ን የሚሰርዘው የባለሙያው የጽዳት ትእዛዝ፣ እና ሰኞ ሰኞ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካለፉት ሦስት ሰኞዎች በቀር፣ መልሶ የሚጽፈው ጋሼ ፍርፋሪ።