የአባቴ መኪና ፍሬቻ

ፍሬቻው እንደ እብድ ይጣደፋል። ቀጭቀጭቀጭቀጭ! ጋራዡ ሁሉ «ሽቦ» እያለ የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥና ይስቃል።

«ኤልኢዲ አምፖል አስገባህበት አይደል?»

«ምን ላድርግ? የድሮዎቹ አምፖሎች ፀሐይ ላይ አይታዩም። በታጠፍኩ ቁጥር ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋብኛል።»

«አዲሶቹ የሚስቡት ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። ፍሬቻውን ቀጭ ቀጭ የሚያደርገው ይሄ ሽማግሌ ፍላሸርህ ደግሞ ትንሽ ሲሆንበት አምፖል የተቃጠለ ይመስለውና ይደነግጣል።» ከኪሱ ትንሽ ጥቁር ነገር ያወጣል። «በዚህ ልቀይርልህና ተገላገል። ለኤልኢዲ የተሠራ ነው፣ ድምፅ እንኳ የለውም።»

ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ ቀና ትላለች። «ድምፅ የለውም ማለት?»

«ጭጭ ነው እማማ። ጆሮ አይበጠብጥም።»

«ባፍንጫዬ ይውጣ!»

ሽቦ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? እናቴ መኪና ውስጥ ከገባች እንቅልፍ ነው፤ አባቴ እየነዳ፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ እያንኮራፋች አገር ያቋርጡ ነበር። የሚቀሰቅሳት በራችን ላይ ስንደርስ አባቴ የሚያበራው ፍሬቻ ነበር። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ሳይኖር ያበራል። «ለማን ነው የምታበራው፣ ለድመቷ?» ትለዋለች ዓይኗን እያሸች። «ለቤቱ ነው፣ መጣን ልበለው እንጂ» ይላል እሱ። እኔ ወርጄ በሩን እስክከፍት ፍሬቻው ዘና ብሎ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከድምፁ የቀረን ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

«ፍላሸሩ ሳይነካ ሌላ መላ የለም?» እላለሁ።

ሽቦ ጭንቅላቱን ያካል። «ሬዚስተር አለ። ከየአምፖሉ ጎን ብቀጥለው የድሮውን ያህል ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ፍላሸሩም ይረጋጋል። ግን እሳት ነው የሚሆነው፤ ከፕላስቲክ አርቄ ብረት ላይ ማሰር አለብኝ። ለድምፅ ብለህ ይሄን ሁሉ ጣጣ?»

«ለድምፅ ብዬ።»

እያጉረመረመ መብራቶቹን ይፈታል። ብረት ይበሳል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይልጣል፣ በራሱ ሥራ ይናደዳል። እናቴ የመኪናው ሙቀት ተስማምቷት ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ትጥላለች። ብዙም ሳትቆይ ማንኮራፋት ትጀምራለች።

«ሞክረው!» ይላል ሽቦ ከኋላ።

ማብሪያውን ወደ ታች እጫናለሁ።

ቀጭ።

ቀጭ።

ማንኮራፋቱ ይቆማል። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በእግሯ ጫማዋን መፈለግ ትጀምራለች።