ድንጋይ ሲያነሱበት እየሮጠ የሚመጣው ቡችላ

«ሰላምታ የነሳሽን ሰው ሁለተኛ ዞረሽ እንዳታዪው... እኛ ድሃ እንጂ ለማኝ አይደለንም።»

የኔነሽን ያሳደገቻት አክስቷ ይህን ያለቻት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው።

በዓመቱ ትምህርቷን አቋረጠች... ቃሉ ግን አብሯት አደገ።

ዛሬ የኔነሽ የሦስት ዓመቷ የሳያት እናት ናት። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ጀርባ፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ትልቅ ሰው ስታይ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።

በገባች በሦስተኛው ቀን አከራይዋን ጋሽ ይገዙን ቧንቧው ጋ አገኘቻቸውና «እንደምን አደሩ» አለቻቸው።

ዝም ብለው አለፏት።

በማግስቱም ደገመች... አሁንም ዝም።

በቃ። ከዚያ ወዲያ በአንድ በር እየገቡ በአንድ በር እየወጡ ስምንት ወር ሳይነጋገሩ ኖሩ።

መልእክት ካለ የምታመላልሰው ሌላዋ ተከራይ ሰብሪያ ናት። ሰብሪያ ደግሞ እዚህ ሆና ስታወራ ድምጿ ጦር ኃይሎች ድረስ ይሰማል።

«ኩራት ነው እህቴ፤ ተያቸው» ብላታለች።

ክረምቱ ሲገባ ሳያት በዝናብ የራሰ ቡችላ ከግቢው በር ሥር አግኝታ ታቅፋው መጣች። ስሙን ቡላ አሉት።

የኔነሽ ነገር ታስተውላለች...

አንድ ቀን የድስት ክዳን ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ሳያት ዘለለች። ቡላ ግን እንቅልፉን ለጥጧል። ነጎድጓድ ሲያጓራ እንኳ ጆሮው አይነቃነቅም።

ቡችላው አይሰማም።

ሰብሪያ በሳቅ ፈረሰች። «ታዲያ ስም ያወጣችሁለት ምን ሊሠራበት ነው?»

የኔነሽ አልሳቀችም... ታስተምረው ጀመር።

መዳፏን ወደ መሬት ደፍታ ጣቶቿን ስታርገበግብ «ና» ማለት ሆነ። መዳፏን ፊቱ ስትዘረጋ «ቁም»። አውራ ጣቷ ሲቆም «ጎበዝ»... ከቁራሽ ዳቦ ጋር።

ሲመሻሽ ግቢ ውስጥ ከጠፋባት አምፖሉን ብልጭ ድርግም ታደርግለታለች፤ እየሮጠ ይመጣል።

ተኝቶ ከኋላው አትነካውም፤ ይደነብራል። እጇን አፍንጫው ጋ ታስጠጋለታለች። ያሸታትና ጭራውን እየቆላ ይነቃል።

አንድ ነገር ግን ሳታስበው አስተማረችው...

ሳህኑን ልታስቀምጥለት ጎንበስ ስትል ስለሚያይ፣ ለቡላ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ምግብ ሰጪው ነው። የሰፈር ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል «ድንጋይ መጣ» ብሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። ቡላ ወደ ድንጋዩ ይሮጣል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰብሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መጣች። ሰብሪያ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ነገር አለ።

ጋሽ ይገዙ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቂ ብለዋል። ምክንያቱን አልነገሯትም።

«ውሻው ነዋ፤ ሌላ ምን አለ?» አለች ሰብሪያ።

በዚያ ዝናብ ልጅ አዝሎ ቤት ፍለጋ... የኔነሽ ሦስት ቀን አሰበችበት። በመጨረሻ ቅዳሜ ቡላን አስኮ ወስዳ ልትለቀው ወሰነች። ለሳያት አልነገረቻትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስትከፍት ቡላ በእግሮቿ መሃል ሾለከ... ቀጥታ ወደ ጋሽ ይገዙ።

ሰውዬው ደነገጡ። ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ።

ቡላ እየበረረ ደረሰ። እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ድንጋዩን የያዘውን እጅ በጉጉት ያይ ጀመር።

እጃቸው እንደተሰነዘረ ቀረ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የማይሸሸው?» አሉ ለራሳቸው።

«ጋሼ፣ አይሰማም... እንዳይመቱብኝ» አለች የኔነሽ ከኋላቸው።

ዝም።

ጠጋ ብላ ደገመችው። ዝም። ማጅራታቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

የኔነሽ ይህን ዝምታ ከቡላ ታውቀዋለች። ኩሩ ሰው ሲጠሩት ባይዞር እንኳ ትከሻው ይሰማል። የጋሽ ይገዙ ትከሻ አልሰማም።

ዞራ ፊታቸው ቆመች። ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ጆሮዋን ነካች... ወደ ቡላ ጠቆመች... እጇን ግራና ቀኝ አወዛወዘች።

ጋሽ ይገዙ እሷን አዩ። ቡችላውን አዩ። ድንጋዩን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት።

«እኔም» አሉ።

ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ወፍጮው ከእህሉ ጋር ጆሯቸውንም ትንሽ በትንሽ ፈጨው። የሚደርሳቸው የሰብሪያ ጩኸት ብቻ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«ደንቆሮ ከምባል ኩሩ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ቤቱን ልቀቂ ያሉትስ?

በውሻው አልነበረም።

«ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ደህና አደሩ ሳትዪኝ... ምን በደልኳት እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ሰላም ከማይለኝ ሰው ጋር መኖሩ ከበደኝ።»

የኔነሽ እንባዋ መጣ። አንገቷን ደፍታ፣ በዚያች ዝግ ባለች ድምጿ «እንደምን አደሩ» ስትል እሳቸው ያዩት ሻሿን ብቻ ነበር።

«ብዬዎት ነበር» አለች፣ አፏን ከፍታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች። «ሁለት ቀን።»

ከንፈሯ ላይ አነበቡት።

ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ሰላምታ ነሳኝ እያለ ስምንት ወር ተቀያይመው ከርመዋል። ሽማግሌ አልገባ፣ ካህን አልገባ... ያስታረቃቸው ቃል ሰምቶ የማያውቅ ቡችላ ነው።

ጋሽ ይገዙ ሳህን እንደሚያስቀምጥ ሰው ጎንበስ ብለው የቡላን ራስ ዳበሱ። «የትም አትሄዱም» አሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት የኔነሽ ከግቢው በር እስከ ጋሽ ይገዙ መስኮት ሲባጎ ዘረጋች። መስኮቱ ላይ የሳያትን ያረጀ ቀይ ካልሲ አንጠለጠለችበት። ሰው በሩን ሲገፋ ካልሲው ይጨፍራል... እሳቸውም እንግዳ መጣ ብለው ይነሳሉ።

ወዳጆቼ... ያልመለሰልን ሁሉ የናቀን አይደለም። አንዳንዱ ሳይሰማን ነው። አንዳንዴም እኛው ቀና ብለን ሳንናገር ነው። ከመቀየማችን በፊት ዞረን ፊቱ እንቁም።

እናንተስ... «ኩሩ ነው» ብላችሁ ከተዋችሁት በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ያገኛችሁት ማን አለ? ስሙን ባትጠሩም ኮሜንት ላይ አጫውቱን...