ጎኑ የተራቆተው ብስክሌት

በዚያን ዘመን ሶዶ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ብስክሌት የሳህሊቱ ሟች ወንድም የጉልላት ነበር፤ ሞተሩንም ከጎኑ የገጠመለት እሱ ራሱ ነው። አድነው የሚባለው አጎቷ ሊሸጠው ሲነሣ ተወራረደችው፦ ቆላ ካለችው ከተበላ ከተማ እስከ ሶዶ ዳገቱን እግሯ መሬት ሳይነካ ከወጣች ብስክሌቱ የእሷ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አጎቷ ሞተሩን ፈትቶ ታቀፈው። «እስቲ በዚያ ቀሚስሽ ስትወጪ እናያለን!»

«ጉልበቴ እርስዎ ፊት ለመንበርከክ የተፈጠረ መሰለዎት፣ ጋሼ?» ብላ ቁልቁል ወደ ተበላ ተንደረደረች።

ስትመለስ ዳገቱ መሐል ፔዳሉ አልዞር አላት። ያን ጊዜ ሞተሩ ከተፈታበት ባዶ ቦታ ሙቀት ወጥቶ ባቷን ነካት። ፔዳሉ ቀለላት። ሁለቴ የማሳል ድምፅ ተሰማና፣ በጉልላት ጊዜ እንደነበረው፣ ብስክሌቱ መንጎድጎድ ጀመረ። ወደ ታች አላየችም።

ሶዶ መግቢያ ላይ አጎቷ የታቀፈውን ቀዝቃዛ ብረት አፍጥጦ ያያል።

«ጥብቅ አድርገው ይቀፉት፣ ጋሼ!» አለችው፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንዲሰማው እየጮኸች።