የሾላው ሥር ድምፅ

አንዷለም የሚያገባት ልጅ ተገኝታለች፤ የቀረው ድምፅ ብቻ ነበር።

ልጅቱ ቅድስት ናት። አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል በወጣትነታቸው ክራር ይመቱ ስለነበር ቆቦ ውስጥ ስለ ክር ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምናሉ። አንዷለም አንድ ቀን ግቢያቸው ካለው ሾላ ሥር ተቀምጦ ጊታሩን እንዲሁ ሲመታ ሰምተው እንባቸው መጣ። ጎብዬ ከተማ በአንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ያንኑ ጊታር በስፒከር ቢሰሙት ምሳቸውን ትተው ከዳሱ ወጡ።

«ይኸ ጊታር አይደለም፤ ቆርቆሮ ላይ የተደፋ ጠጠር ነው!» አሉት። «ጓሮ ሌላ፣ አደባባይ ሌላ የሆነ ሰው ልጄን አይወስዳትም። በጥር የወንድሜን ልጅ እድራለሁ። በዚያ ሠርግ በስፒከር መትተህ እንደ ሾላው ሥር ከሆነልህ፣ ሽማግሌ ላክ። ቆርቆሮ ከሆነ ግን ደጄን እንዳትረግጥ!»

አንዷለም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከስፒከር አከራዩ ከሰላሁዲን ቤት አልወጣም። ትንሿን ድምፅ ለቃሚ ከጊታሩ ክሮች ሥር ለጠፏት፤ ቆርቆሮ። ወደ ሆዱ አወረዷት፤ ወፈር ያለ ቆርቆሮ። ማይክ ፊቱ አቆሙለት፤ እሱስ አምሮ ነበር። ሰላሁዲን ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ግን ስፒከሩ እሪ አለና የጎረቤት አህያ ገመዷን በጥሳ በዋጃ መንገድ ተፈተለከች።

«አብሽር» አለ ሰላሁዲን። እሱ ቤት ቢቃጠልም አብሽር ነው የሚለው።

በመጨረሻ አንዷለም ቤት ሄደው ሲሞክሩ፣ እናቱ ለፈትል ያዘጋጁት ባዘቶ ላይ የሁለቱም ዓይን አረፈ። ከለስላሳው ጥጥ ጭብጥ ሙሉ አንስተው በጊታሩ ቀዳዳ ሲወትፉት እሪታው ቆመ። ድምፁም ለዘብ አለ። ልክ ሾላው ሥር ባይደርስም ሾላው ከሚታይበት ቦታ ደርሷል። ተቃቅፈው ዘለሉ።

አንዷለም ሮጦ ሄዶ ለቅድስት ነገራት።

«ጥጥ ነው ይህን ያህል የሚያለዝበው?» አለች እየሳቀች።

«ማር ነው የሚያደርገው!»

«እንግዲያ አንተ እጅህን ብቻ ጠብቅ። የቀረውን ለኔ ተወው።»

ስለት የተሳለች መሰለውና አንጀቱ ራሰ።

ያልራሰው ናትናኤል ነበር። ኦርጋን ተጫዋቹ ናትናኤልም ቅድስትን ይፈልጋታል፤ ፍላጎቱንም ደብቆ አያውቅም። በሠርጉ ዕለት ማለዳ አቧራ እንዳይበላቸው ጊታሩም ኦርጋኑም እነ ቅድስት ጓዳ ገቡ። ናትናኤል ወጣ ገባ ሲል አንዷለም በክፉ ዓይኑ ተከተለው።

የቆቦ ነፋስ ያን ቀን አልማረም። አቶ ወልደ ሚካኤል ነጭ ፎጣቸውን ከአናታቸው እስከ አገጫቸው ጠምጥመው ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ቅድስት ከጎናቸው አለች። አንዷለም ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?» ቢላቸው አልመለሱለትም። ገና ሳይመታ የተቆጡት መሰለው።

ጊታሩን ሲያነሳ ቀዳዳው ባዶ ነው። ባዘቶው የለም።

ናትናኤል ከኦርጋኑ ኋላ ቆሞ ያፏጫል። የኮቱ እጅጌ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ።

«አንተ፣ ጥጤን መልስ!»

«የምን ጥጥ?»

«እጅጌህ ላይ ያለውስ?»

«የአባቴ ፍራሽ ነዋ! ፍራሽ ሰፊ መሆናቸውን ዛሬ ሰማህ? እኛ ቤት ወጡ ውስጥም ጥጥ አለ።»

ለጠብ ጊዜ አልነበረም። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፤ ስሙ ተጠርቷል።

«ሰላሁዲን፣ ምን ይሻለኛል?»

«አብሽር» አለ ሰላሁዲን። ድምፁ ግን ተንቀጠቀጠ።

አንዷለም መታ። ስፒከሮቹ ወደ ሕዝቡ ስለዞሩ መድረክ ላይ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ በወጉ አይሰማም፤ ያለው አማራጭ የሰውን ፊት ማየት ነው። ሚዜዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ይዘላሉ። የራያ ልጅ ዘፈን ሊያወርድ ሲል እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋልና ደስ አለው። ስፒከሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች ጮኹ፤ እልልታ ነው ብሎ ጨመረበት። ሰላሁዲን ሚክሰሩ ላይ ተደፍቶ ቁልፎቹን ያሽከረክራል። አንዷለም ግን ከዚያ ወዲያ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አቶ ወልደ ሚካኤል ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ መወዛወዝ ጀመሩ። ከዚያ እንባቸው በፎጣቸው ላይ ወረደ።

ዜማው ሲያበቃ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይኸ ነው!» ብለው ሲጮኹ ዳሱ በሙሉ ደነገጠ። «አንዲት ጠጠር የለበትም! ልክ እንደ ሾላው ሥር! ነገ ዛሬ ሳትል ሽማግሌ ላክ!»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ለአፍታ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ቅድስት በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ይኸን ነው ያመሰገኑት? ይኸን?» አለ ናትናኤል።

አንዷለም በደስታ አብዷል። ባላንጣውን አቅፎ ጉንጩን እያገላበጠ ሳመው።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ! ለካ ድምፁን አፍኖ የያዘው ጥጡ ነው! ባትሰርቀኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር!»

ሰላሁዲን አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። አንዷለምን አየው፤ ቅድስትን አያት።

«አብሽር» አለና ስፒከሩን አጠፋ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ተመልሰው ተቀመጡ። ፎጣቸውን ከጉንጫቸው ገለጥ አደረጉና ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ።

«ቅድስትዬ፣ ነፋሱ ከበረደ ይኸን ጠዋት የወተፍሽልኝን ባዘቶ ከጆሮዬ ላውጣው?»