ባዶዋ ክብ

መምህሯ ሰያፉን መስመር ስባ ስታበቃ መሃሉ ላይ አንዲት ባዶ ክብ ተወች። «ኤክስ ከግራም ከቀኝም ወደ ሁለት ሲጠጋ መስመሩ ወደ አራት ይጠጋል፤ ሊሚቱ አራት ነው። ልክ ሁለት ላይ ግን እስካሁን ምንም አላስቀመጥንም» አለች። ከኋላ የተቀመጠው ተንተባታቢ ልጅ ዓይኑን ከክቧ ላይ መንቀል አቃተው። ወዴት እንደሚኬድ ሁሉም ያውቃል፤ ቦታው ግን ባዶ ነው። ይህችን ነገር የት ነው የሚያውቃት?

«እሺ፣ እዚህ ምን እናስቀምጥ?» ብላ ጠመኔዋን ወደ እሱ ቀሰረች። ልጁ ተነሳ፤ አፉን ሲከፍት ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተያዘ። ጓደኞቹ ለክፋት ብለው አይደለም፤ ምላሱ በተያዘ ቁጥር ቃሉን ቀድመው ያቀብሉት ነበር፣ እሱም አንገቱን ነቅንቆ ይቀመጥ ነበር። «አራት» አለ አጠገቡ ያለው። «አራት ሊል ነው፣ ቲቸር» አለች ከፊት ያለችው። ልጁ ግን አልተቀመጠም።

«ሰ... ሰ... ሰባት» አለ።

መምህሯ ክቧን አየች፣ ልጁን አየች፤ ከዚያ ከክቧ በላይ፣ ከመስመሩ ርቃ፣ ሰባት ላይ አንዲት ድፍን ነጥብ አኖረች። «ይቻላል» አለች። «ሊሚቱ ያው አራት ነው። መስመሩ ይቆረጣል እንጂ ከልካይ የለንም። ግን ለምን ሰባት?» ልጁ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ተያዘ። ማንም አላቀበለው። ምን ሊል እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀው።