የማሽላው ጠጠር

በቀለች የገንዳው ጠጠሮች ከእንቁራሪት አፍ እንደማይበልጡ ያየችው ትልቋ እንቁራሪት አንዱን ከትል ጋር ከጎረሰችው በኋላ ነበር። ከማሽላ ላይ እየለቀመች ያጠራቀመቻቸው ጠጠሮች ናቸው። ልጇ እንቁራሪቶች የምታሳድግበት የመስታወት ገንዳ እንዲያምር ብላ ያነጠፈቻቸውም ራሷ ነበረች።

«ገደልኳት! አንጀቷን ይዘጋዋል» አለች ራሷን ይዛ።

«የኛን ጥርስ አድነሽ ጠጠሩን ለሷ አጎረስሽ?» አለ ባሏ እየሳቀ።

«አባዬ፣ አትሳቅ!» ልጃቸው ሚካል ልታለቅስ ደረሰች።

እንቁራሪቷ ግን አፏን ከፈተች፤ በትንንሽ እጆቿ ገፋ ገፋ አድርጋ ጠጠሩን አወጣችው። በቀለች እልልታዋን አቀለጠችው። እልል እያለችም እጇን ገንዳው ውስጥ ከታ የቀረውን ጠጠር ሁሉ ዛቀችው። «ባዶውን ይደር! ከእንግዲህ ከጭንቅላቷ የሚበልጥ ድንጋይ ብቻ ነው የሚገባው!»

«ማን ወለደች? እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከአጥሩ ማዶ።

በቀለች በሩ ላይ ወጣች። «ኧረ እትዬ፣ እንቁራሪታችን ጠጠሩን ተፋችው!»

እትዬ ጥሩነሽ አንገታቸውን ከአጥሩ በላይ አሰገጉ።

«ታዲያ ገንፎው ይቅር?»

ባሏ በሳቅ እየተንፈራፈረ ወደ ውስጥ ሳባትና በሩን ቆለፈው።